ከቁም ሳጥኑ ሥር የተገኙ አራት ሽብልቆች

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በዚያ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቤቱን ሊገዙ የመጡት አዛውንት ሰዓት ሠሪ፣ ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ፣ እንዲሁም ሳትጠራ የመጣችው የሰዓት ሠሪው የእህት ልጅ። ልጅቱ በቴክኒክ ትምህርት ቤት አናጢነት ተምራ በሙያዋ የምትተዳደር ናት። የደንበኛ በር ለመለካት ሜትሯንና መዶሻዋን ይዛ በዚያ ስታልፍ አጎቷን ደጃፉ ላይ ባታገኛቸው ኖሮ፣ ይህ ታሪክ የሚለቀስበት እንጂ የሚነገር አይሆንም ነበር።

ሰዓት ሠሪው የቤቱን ነገር ለማንም አልተነፈሱም፤ ለእህታቸውም ጭምር። ያልተጨበጠ ነገር ሲወራ ምቀኛ ሰምቶት ይከሽፋል ባይ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት የመንገድ ዳር ሱቅ አጎንብሰው ያጠራቀሙትን ሁሉ ለዚህ ቤት ሊያውሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ውል ሊፈርሙ ነው። የሚያስቸኩላቸውም ነገር ነበር፤ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። አራስነቷን በጠባቡ የኪራይ ቤት ሳይሆን በአባቷ ቤት እንድታሳልፍ ተመኝተዋል።

«እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ወይስ ገና ነው፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ ክፍሉን በዓይኗ እየቃኘች።

«ስምንት ሰዓት ላይ ትያለሽ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

«ከዚህ በፊት ስንት ሰው ኖሮበታል?»

ደላላው ቀደም አለ። «ኧረ ይሄ ቤት ተፈላጊ ነው፣ እህቴ! በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ገዝቶታል።»

«ሰማሽ?» አሉ ሰዓት ሠሪው ኮራ ብለው። «አራት ሰው የገዛው ቤት አራት ሰው የመሰከረለት ነው።»

«አራት ሰው ገዝቶታል ማለት አራት ሰው ሊገላገለው ፈልጓል ማለትስ አይደል?» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አይቆጡኝና ጋሼ፣ በስድስት ዓመት አራት እጅ የዞረ ሰዓት ሱቅዎ ቢመጣ፣ ተፈላጊ ነው ብለው ይገዙታል?»

ሰዓት ሠሪው እጃቸውን አወናጨፉ። «ሰዓት ሌላ፣ ቤት ሌላ።»

«የኋላ ክዳኑን ሳይከፍቱስ?»

«ክዳኑን ሳልከፍትማ በነፃም አልቀበል!»

«ታዲያ የዚህን ቤት ክዳን ማን ከፈተው?»

ደላላው ሳቀ። ሰዓት ሠሪው ግን አልሳቁም። ብልህ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ ብልህነቱ ከሙያው ደጃፍ አያልፍም፤ ትንሿን ዕቃ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰው ትልቁን ነገር በጨረፍታ አይቶ ይፈርማል።

ልጅቱ የቤቱን የቀድሞ ውሎች እንዲያሳዩዋት ለመነች። ሰዓት ሠሪው ቅጂዎቹን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጧት፤ እሳቸው ያነበቡት ስሙንና ዋጋውን ብቻ ነው። እሷ ግን ቀኖቹን እየተከተለች ጣቷን አወረደች።

«አራቱም ሽያጭ በበጋ ነው፣ ጋሼ። ዛሬም በጋ ነው። ይሄ ቤት ዝናብ ሲዘንብበት ገዢ አይቶት አያውቅም።»

«በክረምት ማን በጭቃ ቤት ሲያይ ይዞራል?» አለ ደላላው።

«ቤቱን የሚፈልግ ሰው ነዋ!»

ሰዓት ሠሪው ነገሩን ለማብረድ ብለው ጥጉ ላይ የቆመውን ግዙፍ ቁም ሳጥን መታ መታ አደረጉ። «ይኸውልሽ፣ ባለቤቱ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! ይሄን የሚያህል ዕቃ በምርቃት ትቶልኛል። እኔ ደግሞ ወደ በሩ አዛውረው ይሆናል፤ ጥጉ ነፋስ ስለማይገባው የልጄን አልጋ እዚህ ነው የማደርገው።»

«ለእሱስ ማን ተወለት?»

«ለባለቤቱማ የፊተኛው ባለቤት ነው በምርቃት የሰጠው» አለ ደላላው። «ለእሱም ከእሱ በፊት የነበረው።»

«አራት ሰው ቤት ሲለቅ አንዱም ይሄን የመሰለ ቁም ሳጥን ይዞ አልሄደም?»

«ምርቃት አይመረመርም፣ ልጄ» አሉ ሰዓት ሠሪው ቆጣ ብለው። «ነውር ነው!»

ልጅቱ በጉልበቷ ተንበርክካ የቁም ሳጥኑን ግራ እግር አየች። ከዚያ ተነስታ የክፍሉን በር ዘጋችው፤ የበሩ ላይኛው ጠርዝ በሰያፍ ተልጎ እንደ ቢላ ቀጥኗል። «ይሄን በር መላጊያ ደጋግሞ ጎብኝቶታል። በር እንዲህ የሚላገው ግድግዳው ሰምጦ አልገጥም ሲል ነው» ብላ ተመልሳ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ማጉያዎን ይዘዋል? እስቲ እዚህ ይምጡ።»

ሰዓት ሠሪው እያጉረመረሙ ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከግራው እግር ሥር ሽብልቅ ገብቷል። ከሽብልቁ ሥር ሌላ ሽብልቅ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆጠሩ፤ አራት። የታችኛው በዕድሜ ጠቁሯል፤ የላይኛው ትናንት የተላገ ይመስል ነጭ ነው።

ሰዓት ሠሪው ይህን ቋንቋ ያውቁታል። ሰዓት የሚጠግን ሰው ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ከውስጥ በኩል ትንሽ ምልክት ጭሮ ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ስንቴ እንደታመመ ያውቅ ዘንድ። እነሆ አራት ባለቤቶች፣ አራት ጭረት፤ ወለሉ በሰመጠ ቁጥር አንድ ሽብልቅ።

«አንሡት!» አሉ።

«አባቴ፣ ባለቤቱ ሳይኖር እንዴት…» አለ ደላላው።

«አንሣ አልኩህ!»

ሦስቱም ተጋግዘው ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አደረጉት። ከሥሩ የተነጠፈውን ፕላስቲክ ልጅቱ ስትገልጠው ስስ ሲሚንቶ ታየ፤ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ ተሰንጥቋል። በመዶሻዋ እጀታ መታ ብታደርገው እንደ ከበሮ አስተጋባ። ሁለተኛ መታ ስታደርገው መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ቀዝቃዛ፣ የበሰበሰ ሽታ ፊታቸውን መታው። ሰዓት ሠሪው ነጩን ሽብልቅ አንሥተው በቀዳዳው ለቀቁት፤ እንደ ልማዳቸውም በልባቸው ቆጠሩ። አንድ ሙሉ ሰከንድ አለፈ። ከዚያ፦ ጭልቅ።

አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ነበር፤ በበሰበሰ ሳንቃ ተከድኖ ሲሚንቶ የተለሰነበት። የልጃቸው አልጋ የሚዘረጋው እዚያው ላይ ነበር፤ የእሷና የአራስ ልጇ።

«እኔ… እኔ አራቴ አሻሽጬዋለሁ» አለ ደላላው ግድግዳውን ተደግፎ። «እግዜር ያውቃል፣ ይሄን አላየሁም።»

«አራቴ ኮሚሽን ሲቀበሉ አንዴ እንኳ ጎንበስ አላሉም?» አለችው ልጅቱ።

ሰዓት ሠሪው ወጥተው የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ልብስ እያሰጡ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ከፈቱላቸው።

«እመቤቴ፣ ይሄ ቤት ምን ሆኖ ነው አራቴ የተሸጠው?»

«ክረምት ሲገባ ውኃው በወለሉ ይወጣላ! ያለፈው ዓመት ባለቤትማ እግሩ ሰጥሞ በሚስቱ ጩኸት ነው የወጣ። ማግሥቱን ሲሚንቶ አስለሰነበት።»

«ታዲያ ለገዢዎቹ ምነው ሳይነግሩ!»

«ማን ጠየቀኝ፣ ወንድሜ?» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው። «አራቱም ከፈረሙ በኋላ ነው እንዴት አደርሽ ያሉኝ። በሬን አንኳኩቶ የጠየቀኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ይህች ቃል ከጉድጓዱ ይልቅ ሰዓት ሠሪውን አስደነገጠቻቸው። ምቀኛ ይሰማል ብለው የደበቁት ነገር ለካ ወዳጅም እንዳይሰማው አድርጎት ኖሯል።

«አየሽ ልጄ» አሉ ሲመለሱ፤ «ቸኩዬ ነበር። ለመሆኑ ቤት የሚገዛ ሰው ምን ማየት አለበት?»

«እርስዎ ሰዓት ሲገዙ የሚያዩትን ነዋ፣ ጋሼ። ቶሎ ቶሎ እጅ የለወጠ ከሆነ ለምን እንደለወጠ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን መጠየቅ። ውሉ ላይ ከዋጋው በፊት ቀኑን ማንበብ። አንድ ግድግዳ ለብቻው አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ማሰብ ነው። የተደገፈ ዕቃ ካለ ማንሣት፤ በምርቃት የተሰጠ ከሆነማ በመጀመሪያ እሱን ማንሣት! ከተቻለም ዝናብ በጣለ ማግሥት ተመልሶ መምጣት፤ ግንበኛ ወይም አናጢ ይዞ። የግማሽ ቀን ድካም ነው። ግን የዕድሜ ልክ ጥሪትንና የልጅን ነፍስ ያድናል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው።

ደላላው ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው ሊገፋ ሲጠጋ በእጃቸው ከለከሉት። ከኪሳቸው ቀጭን መጫሪያቸውን አወጡ። የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው ከውስጥ በኩል ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» ብለው በጥልቀት ጫሩበት።

ስምንት ሰዓት ላይ የተፈረመ ውል የለም። ልጃቸው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ በኪራይ ቤቱ በሰላም ተገላገለች። ሰዓት ሠሪው በክረምቱ አጋማሽ፣ ጃንጥላ ይዘው ሦስት ጎረቤት ካንኳኩ በኋላ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። ምርቃት አልተሰጣቸውም።