በሰው ቀሚስ የተደረበልኝ ካባ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ባንቺአየሁ ሰውአገኝ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ማክሰኝት ከተማ
ሥራ፦ የሽንኩርትና የቃሪያ ችርቻሮ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የአቶ ክንዱ ይባረክ መታገት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የታገተው የአቶ ክንዱ ባለቤት ነኝ። ክንዱ በማክሰኝት እህል ገበያ ጆንያ እየጫነና እያወረደ የሚያድር ሰው ነው። ሀብታም ነው የሚል ካለ መጥቶ ትከሻውን ይይ።

የሰፈራችን የማርያም ማኅበር ሴቶች ለጥምቀት አንድ ዓይነት ቀሚስ እንልበስ ብለን ተማክረን፣ ጎንደር ካለ በቴሌግራም ከሚሸጥ የባህል ልብስ መደብር መረጥን። ከመካከላችን በስልክ ክፍያ መፈጸም የሚችል ከእኔ በቀር ስላልነበረ «አንቺ እዘዥልን» አሉኝ። ያዋጡትን በእጄ ሰጡኝ፣ እኔም በስሜና በስልኬ አዘዝሁ። ይህን የሰሙ ሌሎች ጎረቤቶችም ነጠላውን፣ የሕፃናቱን ልብስ፣ የሰርጉን ልብስ ሳይቀር በእኔው ስልክ አስመጡ። እምቢ ልበል? ጎረቤት ነው፤ ነገ ቀባሪዬ ነው።

ጥር 4 ቀን ረፋድ ላይ እስከዳር የምትባል የመደብሩ ሠራተኛ ደውላ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የዓመቱ የወርቅ ደንበኛችን እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ምን ማለት ነው ስላት፣ ኮምፒውተሩ ከሁሉ በላይ የገዛውን ሰው ለይቶ እንደሚያወጣና መደብሩ እንደሚሸልመው ገለጸችልኝ። «እህቴ፣ ልብሱ የሰፈር ሰው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ብዬ ነግሬያታለሁ። «ክፍያው የመጣው በእርስዎ ስልክ ነው፣ እኛ የምናውቀው እርስዎን ነው» አለች። ሽልማቱ ለማኅበሩ ይሆናል ብዬ እሺ አልሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመደብሩ ባለቤት አቶ አምሐ ድምፅ ማጉያ በጫነ ሚኒባስ ከቤቴ ድረስ መጣ። በራፌ ላይ ካባ ደረበልኝ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አስረከበኝ። አንድ ልጅ በስልክ ይቀርጻል፣ ሰፈሩ እልል ይላል። «አያ አምሐ፣ የማኅበሩ ነው ብለህ ተናገርልኝ» ስለው ሳቀና «ተይ፣ ዛሬ ሸጋ ሸጋውን ብቻ ነው የምናወራ» አለኝ። በተለቀቀው ቪዲዮ ላይ ስሜ፣ ፊቴ፣ የቤቴ በርና የምኖርበት ከተማ ይታያል። «በመደብራችን ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያፈሰሱ እመቤት» ተብሎም ተጽፎበታል። እኔ መቼ ገንዘብ አፍስሼ አውቃለሁ! በዕለቱ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ካባ ሲደረብለት ማን ይጠላል?

ጥር 8 ቀን ከምሽቱ 12፡30 ሰዓት ገደማ ክንዱ ከገበያ ሲመለስ ያልታወቁ ሰዎች ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ በራሱ ስልክ ደውለው «የወርቅ ደንበኛዋ፣ ባልሽ እኛ ዘንድ ነው» አሉኝ። የጠየቁትን ገንዘብ ለመርማሪው አስመዝግቤያለሁ፤ ቤታችን ቢሸጥ አይሞላውም። ልብሱ የጎረቤት ነው ብላቸው ሳቁብኝ።

ወዲያው ለአቶ አምሐ ደውዬ ቪዲዮውን እንዲያጠፋና እውነቱን በቴሌግራሙ ላይ እንዲናገር ለመንሁት። አጠፋዋለሁ አለ፣ አጠፋም። እውነቱን መናገሩን ግን «ሸልመን ተሳስተን ነበር ብል ከዚህ ወዲያ ማን ያምነኛል?» ብሎ እምቢ አለ። ቪዲዮውን እንደሆነ ሰው ከሰው እየተቀባበለው ነው፣ ቢጠፋ ምን ዋጋ አለው! እስከዳር ስልክ ላይ አለቀሰች። የእሷ ለቅሶም ክንዱን አይመልስልኝም።

ስለዚህ ወደ ማኅበሩ ሴቶች ሄድሁ። ለጥምቀት ቀሚሳችሁን ለብሳችሁ ውጡ፣ የየራሳችሁ መሆኑን አገር ይይ፣ ወሬው ለአጋቾቹም ይደርሳል አልኋቸው። አንዷ «ምነው ባንቺ፣ ነገ ደግሞ የእኔን ልጅ እንዲወስዱት ነው?» አለችኝ። ታቦት ሲወጣ አዲሱን ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት አላየሁም። ሁሉም በአሮጌ ቀሚስ እልል ይላሉ። አንጀቴ ቢቃጠል ቆሜ ረገምኋቸው። ኋላ ረጋ ስል ግን፣ እኔም ብሆን ቀሚሱን ሳጥን ውስጥ እቆልፈው ነበር አልሁ።

ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እንደገና ደወሉ። ክንዱን አገናኙኝ። «ደህና ነኝ፣ አትጨነቂ» አለኝ፤ እየሳለ ነው የተናገረ። ከዚያ ሰውየው ስልኩን ተቀብሎ «እሺ፣ ያንቺ ካልሆነ የማን የማን እንደሆነ ስማቸውንና ቤታቸውን ንገሪን፣ ባልሽን ዛሬውኑ እንለቅልሻለን» አለኝ። ሁሉንም አውቃለሁ፤ ቁመታቸውን ለክቼ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ስማቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የክንዱ ሳል በስልኩ ይሰማኛል። «የማንም አይደለም፣ ሁሉም የእኔ ነው፣ ሀብታም ነኝ፣ እከፍላለሁ» አልሁት። ስልኩን ዘጋው። በምን እንደምከፍል አላውቅም።

መርማሪው ቃሌ እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥ ጠይቆኛል። የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፣ ሐሰት የለበትም። ሐሰት የተናገርሁት ለእነዚያ ሰዎች ነው፤ እሱንም ክንዱ አጠገባቸው ሆኖ እየሰማኝ ነው የተናገርሁት።

የምስክሯ ፊርማ፦ ባንቺአየሁ ሰውአገኝ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሙሉቀን አወቀ