የጓሳ ሣር በቁመትና በአግድም

መቅደላዊት ከራቤል ወደ እናቷ መንደር ስትሄድ የበልግ በረዶ ያዛትና ለቤት ክዳን ሣር የሚታጨድበት የጋራ ምድር በሆነው በጓሳ ጠርዝ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተጠለለች። ጋሼ ወሰኔ ቀድመዋት ፈረሳቸውን ከጥዱ አስረው ተቀምጠዋል። እሳቸው የጓሳ ጠባቂ ሽማግሌዎች ዋና ናቸው፤ እሷ ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ ክርክርም አትጠላም።

«እሑድ ጓሳን ልትከፍቱ ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለች ሰላምታው እንዳለቀ።

«እውነት ነው ልጄ። የአካባቢው ወጣቶች ሣሩን በየጎኑ በየወሩ ሲለኩ ከርመው አማካዩ ከጉልበት በላይ ነው አሉን። ሰዉም የቤት ክዳን አጥቷል። ይታጨዳል።»

«የየትኛው ጎን አማካይ ነው?»

«የጓሳ ነዋ! ጓሳ አንድ ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ ባንድ ቀን ይዘጋል፣ ባንድ ቀን ይከፈታል።»

በእኛ አገር አባቶች ከተጠሩ በኋላ የሚናገር ወጣት ድፍረቱ እንጂ ሐሳቡ አይመዘንም። የሚያናድድ ልማድ ነው። መቅደላዊት ግን ኮምፒውተሯን አውጥታ ወጣቶቹ የላኩላትን ሠንጠረዥ ከፈተች። እያንዳንዱ መስመር አንድ የጓሳ ጎን ነው፤ ወራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል።

«ጋሼ፣ ማሳዎን መጀመሪያ በየት በኩል ያርሱታል?»

«በቁመቱ።»

«ሲደግሙትስ?»

«በአግድሙ ነዋ! እርሻ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ማሳው ያው፣ በሬዎቹም እነዚያው። ለምን አቅጣጫ ይለውጣሉ?»

«በቁመት የዘለልኩትን በአግድም አገኘዋለሁ።»

«ይህ ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። አማካይ አውጣ ብለው በየት በኩል እንደሚሄድ ካልነገሩት፣ ሁሉን ደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል። ወጣቶቹ ያመጡት እሱን ነው። ከላይ ወደ ታች ሂድ ቢሉት ጎኖቹን ያጠቃልልና ለየወሩ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ሣሩ መቼ እንደሚደርስ ያውቃሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ሂድ ቢሉት ወራቱን ያጠቃልልና ለየጎኑ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ይኸው ይመልከቱ፤ የምዕራቡ ጎን ከጭን በላይ ነው፣ የነፋሱ ጎን ከቁርጭምጭሚት አይዘልም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አጠቆሩ። «የነፋሱ ጎን የእናትሽ መንደር የሚያጭድበት አይደል? ለካ የእነሱ ሣር ሳይነካ እንዲቆይ ለእናትሽ ልታደዪ ነው!»

መቅደላዊት ደሟ ፈላ። «የእናቴ ጎን ይዘጋ ነው እኮ የምለው! ጣራዋ ዘንድሮ ያፈሳል፤ ያፍስስ! አሁን ከታጨደ ግን ሥሩ ይጠፋል፣ የልጅ ልጆቿም ክዳን አያገኙም። እሑድ እመጣለሁ። ሴት ናት፣ ልጅ ናት ብትሉኝም እናገራለሁ።»

በረዶው አባራ። ጋሼ ወሰኔ ግን አልተነሡም። ባለፈው ሰሞን በነፋሱ ጎን ሲያልፉ ፈረሳቸው የሚግጠው አጥቶ አፈር ሲያሸት አይተዋል፤ እንዲያም ሆኖ አማካዩን አምነዋል። ይህ ትዝ ሲላቸው አፈሩ።

«በየጎኑ ያለውን ድገሚልኝ» አሉ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አቶ መልከ ጼዴቅ የሚባሉ ባለጠጋ «አማካዩ ከጉልበት በላይ ነው፤ እንክፈት» አሉ። መቅደላዊት ልትነሣ ስትል ጋሼ ወሰኔ ቀደሟት።

«በየት በኩል ተሂዶ የተገኘ አማካይ ነው?»

«አማካይ አማካይ ነው እንጂ! አባቶቻችን ባንድ ቀን አልነበረም እንዴ የሚከፍቱት?»

«አባቶቻችን የዘጉት ሣሩ እንዳይጠፋ ነው! በአንድ ቁጥር ተሸፍነን የምናጠፋው እኛ ነን። እኔ በሕይወት እያለሁ የነፋሱን ጎን ማጭድ አይነካውም። የጠላኝ ይጥላኝ!»

ብዙ ተጮኸ። በመጨረሻ የምዕራቡ ጎን ብቻ ተከፈተ፤ ጎናቸው የተዘጋባቸውም ከዚያው እንዲያጭዱ ተወሰነ። እንዲህ በመሆኑ ዘንድሮ የሰዉ ቤት ተከደነ፣ የነፋሱም ጎን ሥሩን አተረፈ። ሁሉን በአንድ ቃል የሚጠቀልል ሰው ግማሹን ይበድላል፤ በየት በኩል ብሎ የሚጠይቅ ግን የጎደለበትን ያገኘዋል።

የመጀመሪያውን ሸክም ሣር ጋሼ ወሰኔ በፈረሳቸው ጭነው ከመቅደላዊት እናት ደጅ አወረዱት።