«ቅሬታ ተሰምቶኛል» ያለችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ደግሞም «ጉዳዩ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣችሁልኝ ክፉዎች፤ ከሂሳብ ክፍል ወንበር ተሸክማችሁ፣ ያንን አልዘጋ ያለ መስኮት በካርቶን ደፍናችሁ ስለምትሸኙኝ እጃችሁ ይባረክ።

ዛሬ ያለ ረቂቅ ነው የምናገረው። አትደንግጡ፣ ግልባጭ አይደርሳችሁም።

ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ታርሞ አልተመለሰልኝም። እንዲህ ያለች ሰው ለታዳጊዎች ልብ ወለድ ብትጽፍ ማን ምን ይላታል?

ጻፍኩና መጀመሪያ የሰጠሁት ለልጄ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለት ገጽ አነበበችና «አሪፍ ነው እማዬ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ያ «አሪፍ ነው» እንቅልፍ ነሳኝ። ለእሷ ብዬ የጻፍኩትን እሷ ካላነበበችው ማን ሊያነበው ነው?

ረቂቁን ይዤ አንዲት የልጆች መጻሕፍት አርታዒ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ጓደኛሞች ተጣልተው አንዷ የምትለውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ «በፈጸምሽው ድርጊት ከፍተኛ ቅሬታ የተሰማኝ መሆኑን እገልጻለሁ።»

ምን ያስቃችኋል? እኔ እኮ ስጽፈው አልቅሼ ነበር!

«እህቴ፣» አለችኝ፣ «ይህች ልጅ ማኅተም ብቻ ነው የቀራት። ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ሂጂና ስትጣላ ስሚያት።»

ልጆችን የመከርኩበትን የመጨረሻ ገጽ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰርዛዋለች። ዳር ላይ «ምክሩን ለስብሰባ አቆዪው» ብላ ጽፋበታለች።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ መዝገብ ቤት መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ስነፋረቅ ሥራ አስኪያጃችን አገኙኝ። «ማን ሞተ?» ብለው ደነገጡ። መስመሩን አነበብኩላቸው። ክቡርነትዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳቅዎ እስከ ጥበቃዎቹ ድረስ ተሰምቷል። እኔም ሳላስበው አብሬ ሳቅኩ፤ ያኔ ነው የገባኝ።

በዚያው ሳምንት ልጄ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ተጣላች። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ያ ሁሉ ከፍተኛ ቅሬታ «በቃ፣ ተይው» ሆኖ አረፈው። ሁለት ቃል! እሱን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አትጠይቁኝ። እጽፋለሁ፣ አርታዒዋ ትመልሳለች፤ እጽፋለሁ፣ ትመልሳለች። አንድ ቀን «አሁን ልጅቷ መጣች» አለችኝ።

መጽሐፉ ይኸው፣ ታትሟል! አርታዒዋም አጠገቧ ተቀምጬ የሌሎችን ረቂቅ እንዳነብላት ቀጥራኛለች። እናንተን የሚያህል ሰው ትቼ የምሄደው ለዚህ ነው።

ትናንት ልጄ ከአውቶቡስ ላይ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ መጽሐፍሽን ሳነብ ፌርማታዬን አልፌዋለሁ። የት እንዳለሁም አላውቅም!» አለችኝ። እናት በዚህ መደንገጥ አለባት አይደል? እኔ እልል አልኩ! «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ ወደ ጽሕፈት ክፍል የሮጣችሁ ሁሉ፣ የሆንኩት ይህንን ነው።

ጤናና ዕድሜ አይጉደልባችሁ። ስትሳሳቱ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ፣ ስትጽፉ እስከ መጨረሻዋ ገጽ የሚያነብላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ልጆቻችሁም በሰላም ቤት ይግቡላችሁ፤ ከዘገዩም እያነበቡ ይሁን!