የጋሼ ታደሰ ዘንዶ

በክረምት ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤቴ ከጋሼ ታደሰ ጋር በስደት ከምንኖርበት ከትሩጋኒና ሰፈር ተነስተን፣ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ድንጋይ ላይ ዓሣ እናጠምዳለን። እኔ መቼም ዝምታ አይሆንልኝም። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ አብሮዎት ወደ ሱዳን የተሰደደው ወንድምዎ መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉኝ። አፍሬ ዓይኔን ወደ ክሬ መለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዘንጋቸው ጎበጠ። ስበው ሲያወጡት ረጅም፣ ጥቁር፣ እባብ የመሰለ ነገር ድንጋዩ ላይ ተጠማዘዘ፤ ለካ እዚህ ኢል የሚሉት ዓሣ ነው። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። እሳቸው ረጋ ብለው መንጠቆውን ነቀሉለትና ወደ ውሃው መለሱት። እጃቸውን በጃኬታቸው ጠርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ፣ ዘንዶውም ወጣ» አሉኝ። «ምን ነበር የጠየቅኸኝ?»