አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው ፈተና

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር የጎደለው ከጓደኛው ይጋራ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ጅብም ጂኒም የለበትም፤ ሰውየው የፈራውን ያህል ግን ጅብ ያባረረው ሰው እንኳ የሚፈራ አይመስለኝም።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቷል። እሱ ራሱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወንድና ሴት ልጁን ለብቻው አሳድጎ፣ ሴቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለታለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ለማንም አልለቀቀችም። ያን ሰሞን ግን የሒሳብ ፈተና ወረቀቷን አምጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። ከመቶ ሃያ ዘጠኝ ይላል።

ሰውየው መጀመሪያ አላመነም። ዘጠና ሁለት ሊጽፉ ብለው እጃቸው ተሳስቶ ይሆን ብሎ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ገጽ በገጽ የተሰመረውን ቀይ መስመር ሲያይ ግን የእጅ ስህተት እንዳልሆነ ገባው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከመግቢያ ፈተናው ጋር ተደምሮ ነው ኮሌጅ የሚያስገባው። ይህን አገር ያውቀዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። መቀሱን አንስቶ ይቆምና ምን ሊቆርጥ እንደነበር ይጠፋዋል። ልጅቱም እሱ ሲያያት ታቀረቅራለች፤ እሷ ስታየው እሱ ያቀረቅራል።

በሦስተኛው ቀን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው ባለወፍጮ ዱቄቱን እያራገፈ መጣና አንድ ወረቀት አስቀመጠለት። አቤቱታ ነው። ያች አዲስ የሒሳብ አስተማሪ ልጆቻችንን ስለጎዳች ትነሳልን፣ የቀድሞውም ፈተና ይመለስልን ይላል። ሠላሳ ስምንት ወላጅ ፈርሞበታል። ባለወፍጮው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደሚወስደው ነግሮት ሄደ። ልብስ ሰፊው ብዕር ፍለጋ መሳቢያውን ሲያተራምስ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ኪሱ የተገነጠለ ነጭ ጋዋን ክንዷ ላይ ጥላለች።

ጤና ይስጥልኝ ተባባሉ። ልብስ ሰፊው ጋዋኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና፣ ነርሶች ኪሳችሁን በመቀስ ትሞሉና እኛን ሥራ ትፈጥሩልናላችሁ ብሎ ቀለደ። ሳቅ ካለ ሰንብቶ ስለነበር ቀልዱ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ነርስ አይደለሁም አባባ» አለች። «በጠመኔ ነው የተቀደደው። አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የሒሳብ።»

የስፌት መኪናውን ጎማ ሊያዞር የዘረጋው እጁ ቀጥ አለ። ሰውየው ተነሥቶ አቤቱታውን በጨርቅ ሸፈነው፤ ምን እንዳስደበቀው ግን እሱም አያውቅም። ከዚያ አነጋገሩ ሁሉ ተለወጠ።

«ይቀመጡ እንግዲህ። እርስዎ ነዎት ለካ።»

«ኧረ በሞቴ አንቺ ይበሉኝ። የልጅዎ እኩያ ነኝ።»

«የልጄን እኩያማ አውቃለሁ። የልጄ እኩያ ልጄን ሃያ ዘጠኝ አይሰጣትም።»

አስተማሪዋ ይህን ስትሰማ የማን አባት እንደሆነ ገባት። ልትሄድም ቃጣት። በዚያ ሳምንት በየመንገዱ ጀርባ ሲሰጧት፣ ርእሰ መምህሩም ወላጅ ከተነሣብሽ አላድንሽም ሲሏት ሰንብተዋል። እሷም ፈርታለች። ቢሆንም በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊውም የሆዱን ዘረገፈው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ መምህር የተከበሩ ሰው እንደነበሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለየክፍሉ ያንኑ አንድ ፈተና እንደሰጡ፣ ወረቀቱም በሰፈሩ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ እንደኖረ ነገራት። ሌብነት እንዳይመስላት ለመነ። መምህሩ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሲያስተምሩ ሌላ ለማውጣት ጊዜ አልነበራቸውም።

«እኔ ሒሳብ አላውቅም» አለ፣ ድምፁ እየሞቀ። «ፊደል ግን አውቃለሁ። እየሰፋሁ ወረቀቱን ከፊቴ አደርግና ‹አሥራ ሰባት› እላታለሁ። ‹ሐ› ትለኛለች። ‹ሠላሳ አንድ› እላታለሁ። ‹መ› ትለኛለች። አርባውን ጥያቄ እጅጌ ሰፍቼ ሳልጨርስ ታወርደዋለች። እናት ለሌላት ልጅ አባት ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

አስተማሪዋ በዝግታ እንዲህ ያስጠናው ሌላ ልጅ እንዳለ ጠየቀችው።

ታላቅየውን ወንድ ልጁን እንዲሁ እንዳስጠናው ነገራት። እሱም አንደኛ ነበር። አሁን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል።

«ምን አገኘው?»

«የመግቢያ ፈተናው ቀን በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ‹አባዬ፣ አንዱንም አላውቀውም› አለኝ። ድንጋጤ ነው አልኩት። የሰው ዓይን ነው አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ምን እንደነካው ሳስብ ኖርኩ።»

«አባባ፣ ልጁን የነካው ነገር የለም። ጥያቄው ነው የተለየበት።»

ልብስ ሰፊው እጁ ላይ ያለውን ጋዋን ትክ ብሎ አየ። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባው። እንዲህ ያለ ፍርሃት፣ ልጆቼ፣ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ሲያይ የሚይዘው ነው። ወዲያው እጁን መስጠት ግን አልሆነለትም፤ ደህና አድርጎ ተከራከረ።

«ይሁን፣ አያውቁት። ግን ካርዷ ላይ ሃያ ዘጠኝ ካለ የትኛው ኮሌጅ ዞር ብሎ ያያታል? መጀመሪያ በሩን ትለፍ፤ እውቀቱን እውስጥ ታገኘዋለች።»

«እኔ በሩን አልፌ ነበር» አለች። «የእኔም ካርድ ዘጠና አራት ይል ነበር። ከእንደዚሁ ያለ ትምህርት ቤት ነው የወጣሁት። በስንት መከራ ገባሁ። የመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ‹ይህንን እንኳ ታውቁታላችሁ› ብለው አጠፉት። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ይጽፋል። ምን እንደሚጽፉ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቼ እቆልፍ ነበር። ደወሉ እስኪደወል ቆሜ በሩን አያለሁ። አንድ ሰው ቢያንኳኳ ልቤ ቀጥ ትላለች። ዓመቱን ደገምኩ፣ ከሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርኩ። ልጅዎን እዚያ ሽንት ቤት ውስጥ ልቆልፋት ነው የሚሉኝ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እሷም ይህን አይታ ነገሩን አለዘበችው። ሃያ ዘጠኝ የአንድ ፈተና ውጤት እንጂ የዓመቱ ፍርድ እንዳልሆነ አስረዳችው። ገና ሁለት ፈተና አለ። የተሳሳተውን ጥያቄ እንደገና ሠርቶ ለምን እንደተሳሳተ ፊቷ ቆሞ ያስረዳ ተማሪ ካጣው ማርክ ግማሹን ታስመልስለታለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለፈለገ ሁሉ ከሥሩ ታስተምራለች። እስከዚያ ሳምንት ግን አንድም ልጅ አልመጣም፤ ወላጆቻቸው ከልክለዋቸዋል።

ይህን ሲነጋገሩ ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ ከትምህርት ቤት ገባች። አስተማሪዋን ስታይ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። አባቷ ግቢ አላት። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ግን በማያውቀው ድምፅ፣ «አሥራ ሰባት» አላት።

«ሐ» አለች ወዲያው።

«ለምን ሐ?»

በሕይወቱ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ልጅቱ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«አላውቅም አባዬ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አላውቅም። ዘጠና ባመጣሁ ቁጥር ነበር የምፈራው። አንተ ለደንበኞችህ ካርዴን ስታሳይ ቆሜ ‹ዛሬ አንዱ ይጠይቀኛል› እያልኩ እንቀጠቀጥ ነበር። ሃያ ዘጠኙን ሳይ ደነገጥኩ፤ ግን ደግሞ በቃ ታወቀ፣ አልኩ።»

አባትየው ሜትሩን ካንገቱ አውልቆ አስቀመጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ሲኮራ እሷ ስትፈራ መኖሯን አሰበ። ታላቅየውም እንዲሁ እየፈራ አንደኛ ይወጣ እንደነበር አሁን ተገለጠለት።

ባለወፍጮው ልክ በዚህ መሃል ከች አለ። አስተማሪዋን ከላይ እስከ ታች አየና ፊርማውን ጠየቀ። ልብስ ሰፊው አቤቱታውን የፊርማ መስመሩ ባዶ እንደሆነ ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ሰጠው።

«አልፈርምም።»

«ምን አቀመሰችህ ሰውዬ? ለካ ጋዋን በነጻ መስፋት ጀምረሃል» ብሎ ተሳለቀ ባለወፍጮው።

«እስቲ ዛሬ ቤትህ ግባና ልጅህን አንዱን ጥያቄ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ጠይቀው። መልሱን አትጠይቀው፤ እሱንማ የኔ መርፌ እንኳ ታውቀዋለች። ለምን ብለህ ጠይቀው። ከመለሰልህ መጥቼ ሁለት ጊዜ እፈርምልሃለሁ።»

ባለወፍጮው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲወጣ ግን እርምጃው ቀዝቅዞ ነበር። በማግስቱ በወላጆች ስብሰባ ላይ አቤቱታው ሲነበብ ልብስ ሰፊው ተነሣ። ስለ ሁለቱም ልጆቹ የሆነውን ሳይደብቅ ተናገረ። የተሳደቡም ነበሩ። ባለወፍጮው ግን ሊቀመንበር ነውና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማታ ልጁን ጠይቆት መልስ እንዳላገኘ ማንም አልጠረጠረም፤ እሱም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ የሱቁ ጥናት ተለወጠ። ልጅቱ በጠመኔ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየጻፈች ታስረዳለች፤ አባቷ እየሰፋ ይሰማል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ካልገባው «አልገባኝም» ማለት። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንዳንዴ በንዴት ታለቅሳለች። ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው ሆኖ ሲገባው ግን ለሷም እንደገባት ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ቀን ታላቅየው ከመጋዘን ሲመለስ በሩን ተደግፎ ሲሰማ ቆየና፣ «እሱን ድገሚው» አላት። ከዚያ በኋላ በርጩማው ላይ የሚቀመጠው እሱ ሆነ፤ ቅዳሜ ጠዋትም ከታናሽ እህቱ ጋር ወደ አስተማሪዋ ይሄድ ጀመር።

ሁለተኛው ፈተና ሃምሳ አራት መጣ። ሰውየው አሁንም ሰጋ፤ እንቅልፍ ግን አልነሣውም። ሦስተኛው ሰባ አንድ ሆነ። የመግቢያ ፈተናው ቀን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ልጅቱ ወጣች። ምን እንደምትለው ፈርቶ ነበር።

«ስድስቱን አልቻልኳቸውም» አለችው። «አራቱ የክብ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱን ጊዜ ነው ያሳጣኝ። የቀሩትን ሠርቻለሁ።»

ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀው። ውጤት ገና አልወጣም፤ ልጁ ግን የማታውቀውን እንኳ ቆጥራ የምታውቅ ሰው ሆናለች። እንዲህ ያለ ሰው የትም ቢገባ አይጠፋም።

በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ኮሌጅ ገባች። አንደኛ አይደለችም፤ በሒሳብ ሰዓት ግን ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው። ወንድሟ ሥራውን ሳይለቅ በግል ለመፈተን ተመዘገበ። በትምህርት ቤቱም የዘጠና ቁጥር አነሰ፣ ኮሌጅ የሚገባው ግን በዛ። ቅዳሜ ጠዋት አሁን ወንበር አይበቃም። መምህራኑ በየዓመቱ አዲስ ፈተና ያወጣሉ፤ ልጆቹም የማያውቁትን ለመጠየቅ እጃቸውን ያነሣሉ።

እናንተም ልጆቼ፣ ነገ ወላጅ ትሆናላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አስተማሪ። ልጅ ካርዱን ይዞላችሁ ሲመጣ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት አስቀምጡትና ምን እንደገባው እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ካልገባው አትቆጡት፤ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ሌላው ቢጠፋችሁ ይህቺን ብቻ አትርሱብኝ፣ አደራ።