ለመድረኩ በሽተኛ የተላከ ለውዝ

እንዴት ዋልሽ ናሎንጎ? መንታዎቹ ደህና ናቸው? ... ተመስገን። አይ፣ አልቀመጥም፤ ባሌን ሴማኩላን ደጅ ከዘበኛው ጋር ትቼው ነው የገባሁት። ዝናቡ ሳይቀድመን ዋንዴጌያ መድረስ አለብን። አንቺ የተዋናዮቹን ልብስ መተኮስሽን አትተዪ፣ እየተኮስሽ ስሚኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው አለ እንዴ? ... ፊቱን እየታጠበ? ይታጠብ፣ ይታጠብ። እኛ እንደሆን ክፉ ነገር አናወራም።

ቴአትሩን አየነውኮ። እንዴት ያለ ተዋናይ ነው ያላችሁ በናትሽ! ያንን ከቦዳ ሞተር ወድቆ ጭንቅላቱ የተጎዳውን ሰውዬ ሲጫወት፣ እኔማ ባሌ ሁለት የሆነ መሰለኝ። ኩባያውን በሁለት እጁ ሲይዝ፣ ስኳሩን ኪሱ ሲከት፣ ግራ እግሩን ሲጎትት... ከየት አመጣው? መቼም ከሰማይ ወርዶለት ይሆናላ! ለነገሩ አንድ ሰው ነበር፣ ስሙ ጠፋኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ እኛ ቤት እየመጣ የሙዝ ማቶኬ በለውዝ ወጥ ሲበላ የከረመ። "ወንድሜን ልጠይቅ ብዬ ነው" ይል ነበር። አቤት አዛኝነት! ባሌ ሲበላ ዓይኑን ከእጁ ላይ አይነቅልም። እኔ ሞኟ ፍቅር ነው ብዬ የደረቀውን ዓሣ ለእሱ አበዛለት ነበር።

ሰላምታውንስ አየሽው? የእኛ ሰላምታ መቼም ርዝመቱን ታውቂዋለሽ፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ቤቱስ፣ ልጆቹስ፣ በርቱ፣ ስለ ሥራችሁ እናመሰግናለን... ሴማኩላ መሃል ላይ ይጠፋበትና እንደገና ከ"እንዴት ዋላችሁ" ይጀምራል። መድረክ ላይ ስድስት ጊዜ ሲጀምረው ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ያ እንግዳችን ግን ባለፈው ናካሴሮ ገበያ ፊት ለፊት ሲያየኝ አንዴም አልጀመረውም። ጎንበስ ብሎ ቲማቲም መምረጥ ያዘ። ቲማቲም በጣም ይወዳል መሰለኝ። ወይስ ሰላምታው አልቆበት ይሆን? በሳምንት አራት ቀን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው እያደለ ከየት ይተርፈዋል?

ኧረ አልተቀየምኩም! ምን ሆኜ እቀየማለሁ? ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ፎቶው በየግድግዳው ነው፤ ደስ ይለኛል። ያስቸገረኝ ሴማኩላ ነው። የእኔን የሚስቱን ስም በሳምንት ሁለቴ ይረሳል፤ ሐሙስ ከሰዓት ግን ወንበር ደጅ ማውጣቱን አይረሳም። "ወንድሜ ይመጣል" ይላል። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ግባ ብለው አይገባልኝም። አይገርምሽም? ጭንቅላቱ የተጎዳው አልረሳም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል የማይስተው ደግሞ... ተዪው፣ ሥራ በዝቶበት ነው።

ዛሬ ወንድሙን ይየው ብዬ ይዤው መጣሁ። ቀለም ስለተቀባ ነው መሰለኝ አላወቀውም። ሲያልቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ሰውዬ እንዲህ ታሞ ጠያቂ የለውም እንዴ? ሰው ሁሉ ይስቅበታል እንጂ አጠገቡ የሚቀመጥ አላየሁም" አለኝ። እንባውን አቅርሮ ነው ደግሞ። አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ኪሱ የነበረውን ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ "ለዚያ በሽተኛ አድርሺለት፤ ሐሙስ እኛ ቤት ይምጣ በይው፣ ወንበር አለኝ" ብሎ ላከኝ። ይኸውልሽ... ውሃው ቆመ አይደል? ታጥቦ ጨረሰ ማለት ነው።

እዚያ መጋረጃው ሥር አስቀምጪለት። ሐሙስም ማቶኬ አይጠፋም። ካልተመቸው ግን አይጨነቅ፣ ባሌ እንደሆነ መጠበቅ ለምዷል። ብቻ ሳልመርቀው አልሄድም። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጤናውን ይጠብቅለት፣ ጭብጨባ አይለየው። አያድርገውና አንድ ቀን ታሞ ቤት ቢውል ደግሞ... ወዳጆቹ ሁሉ፣ እሱ ለባሌ እንደሆነለት ይሁኑለት። አሜን በይ እንጂ ናሎንጎ!