የቨርጂኒያው ዋስ

አባቴ «የሰው አገር ዳኛ ፊት ስትቆም ዋስህን ከዚያው አገር ጥራ» ይል ነበር። ልጄ ሳሮን ቨርጂኒያ ያለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አፕላይ አድርጋ፣ መልስ ስትጠብቅ እህል አልበላም አለች። «ውጤትሽ ጥሩ አይደል? ምን ያስፈራሻል?» ስላት፣ «ዳድ፣ እኛ እኮ የሜሪላንድ ነን፤ አውት ኦፍ ስቴት። ቅድሚያ የሚሰጡት ለራሳቸው ልጆች ነው» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ይሄ ገባኝ፤ ዋስ ያስፈልገናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገቤ ያለውን ገብርኤልን ትቼ፣ ድልድዩን ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለው ገብርኤል ነዳሁ። ተንበርክኬ «ሳሮንን ካስገባህልኝ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ስጸልይ ድምፄን መቀነስ አልችልበትም፤ አጠገቤ የቆሙ የማላውቃቸው አሮጊት ሰምተውኝ ዞር አሉ።

«ከየት ነህ?»

«ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እማማ።»

«እዚያ ገብርኤል የለም?»

«አለ፤ ግን የሜሪላንድ ነው። ዩኒቨርሲቲው እዚህ ስለሆነ፣ ለዚህኛው ይቀርበዋል ብዬ ነው።»

ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉኝ።

«የኔም የልጅ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አመልክቷል፤ ክርስትና የተነሳው ደግሞ እዚሁ ነው። እንግዲህ አትቀየመኝ ልጄ፣ ገብርኤልም ቢሆን መጀመሪያ የሰፈሩን ልጅ አስገብቶ ነው ወዳንተ የሚመጣው።»